ስምና በር

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። ስለ ሰው ስም የተባለ ነውና ይሁን እንበል። የማኅበር ስም ግን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በስብሰባ ነው። በስብሰባ የወጣ ስም ደግሞ የሚኮራበት እንዳለ ሁሉ የሚከፋበትም አይጠፋም። አንዱ «ይህ ስም አባቴ ነው» ሲል፣ ሌላው «ይህ ስም እኔን ከደጅ ያስቀረኛል» ይላል። ለመሆኑ ብዙ ዓይነት ሰው በሚኖርበት አገር፣ የሁሉም በሆነ ሜዳ ላይ፣ አንድ ወገን የትውልዱን ስም ለብሶ ሊሰለፍ ይገባዋልን? ይገባዋል ካልንስ፣ ከመብቱ ጋር አብሮ የሚመጣው ግዴታ ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ከራሳችን ጉዳይ ብንጀምረው ከመልሱ ቁጣው ይቀድማል፤ ሁላችንም ወገን አለንና። ስለዚህ ራቅ ብዬ እጀምራለሁ። አንባቢን ልወስድ የምፈልገው ወደ ካናዳዋ ቶሮንቶ፣ ወደ አንድ ከፊል ፕሮፌሽናል የእግር ኳስ ክለብ ታሪክ ነው። ዘመኑን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ስናገር «ዓ.ም.» እጨምርበታለሁ።

ክለቡ ቶሮንቶ ክሮኤሽያ ይባላል። የተመሠረተው በ1956 ሲሆን መሥራቾቹ ወደ ካናዳ የተሰደዱ የክሮኤሽያ ተወላጆች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ክሮኤሽያ የምትባል ነጻ አገር በዓለም ካርታ ላይ አልነበረችም። የዩጎዝላቪያ ፌዴሬሽን ካቆሙት ስድስት ሪፐብሊኮች አንዷ ነበረች፤ ነጻነቷን ያወጀችው ከ35 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1991 ነው። እንግዲህ እነዚያ ስደተኞች በማልያቸው ላይ የጻፉት፣ በልባቸውና በቋንቋቸው ውስጥ ያለ፣ በመንግሥታቱ ድርጅት ውስጥ ግን ወንበር የሌለው አገር ስም ነው። ስሙ ገና ከመነሻው ከኳስ የበለጠ ነገር ተሸክሞ ነበር ማለት ነው።

ከፊል ፕሮፌሽናል ክለብ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ተጫዋቹ ቀን ሥራው ላይ ይውላል፤ ማታ ልምምድ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ይጋጠማል። ከኳሱ የሚያገኘው ገንዘብ ቤት የሚያስተዳድር አይደለም። ክለቡን የሚያቆመው የመግቢያ ትኬት፣ የአባላት መዋጮ፣ የአንድ ሁለት ነጋዴ ልግስና ነው። ሰው ወደ እንዲህ ያለ ክለብ የሚመጣው ለኳሱ ብቻ አይደለም። ሥራ የፈታው ሥራ የሚቀጥረውን፣ ቤት ያጣው ቤት የሚያከራየውን፣ ከአገር ደብዳቤ የናፈቀው ከአገር የመጣውን የሚያገኘው እዚያ ነው። እኛ ይህን ለመረዳት አንቸገርም። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የገባ ሰው ያገሩን ልጆች ፈልጎ ዕቁብ የሚጥለው፣ ዕድር የሚገባው በዚሁ ምክንያት ነው። ልዩነቱ፣ የእኛ ሰው ድንኳን ሲተክል እነሱ ጎል ተከሉ።

ቶሮንቶ ክሮኤሽያ በዚህ ብቻውን አልነበረም። በ1926 የተመሠረተው የካናዳ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሊግ በስደተኞች ስም የተሞላ ነበር። ጣሊያኖቹ «ኢታሊያ»፣ ሃንጋሪዎቹ «ሁንጋሪያ»፣ ዩክሬናውያኑ «ዩክሬና»፣ ፖርቱጋላውያኑ «ፈርስት ፖርቹጊዝ» ብለው ይሰለፉ ነበር። ፖላንዳውያኑ በነጭ ንስር ስም ይጫወቱ ነበር፤ ሰርቦችም በ1968 የራሳቸውን «የሰርቢያ ነጭ ንስሮች» አቋቋሙ። የእሑድ ከሰዓት በኋላ የቶሮንቶ ሜዳ ትንሽ አውሮፓ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

የስሙ ጣጣ የመጣው ክለቡ ከዚህ ሠፈር ወጥቶ ወደ ትልቁ አዳራሽ ሲገባ ነው። በ1971 ሜትሮስ የሚባል የቶሮንቶ ቡድን ወደ ሰሜን አሜሪካ የእግር ኳስ ሊግ ገብቶ ነበር። ይህ ሊግ የአሜሪካና የካናዳ ከተሞች የሚገናኙበት፣ ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት፣ ቴሌቪዥን የሚመለከተው ነው። ሜትሮስ ስሙ የማንም አልነበረም፤ ኪሱ ግን ባዶ ነበር። በ1975 ሁለቱ ተጋቡ። ሜትሮስ የሊግ ወንበር አመጣ፤ ክሮኤሽያ ተጫዋችና ደጋፊ አመጣ። ልጁ «ቶሮንቶ ሜትሮስ-ክሮኤሽያ» ተባለ። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለችው አጭር ሰረዝ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ናት።

ነሐሴ 28 ቀን 1976 ዓለም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ይህ ሰረዝ የተሸከመ ቡድን በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ፣ ኪንግዶም በሚባለው ስታዲየም፣ ከ25 ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት ሚኔሶታ ኪክስን 3 ለ 0 አሸንፎ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። የመጀመሪያውን ግብ ያገባው ዩዜቢዮ ነው። ቀሪዎቹን ኢቫን ሉካቼቪችና ብራዚላዊው ኢቫይር አስቆጠሩ። ሆኖም ግጥሚያውን በአሜሪካ ያስተላለፈው የሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ተንታኞች «ክሮኤሽያ» የሚለውን ቃል ላለመጥራት «ቶሮንቶ፣ ቶሮንቶ» ሲሉ ዋሉ እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። የሊጉ ሹማምንትም ስሙ እንዲለወጥ ሲወተውቱ ነበር። ባለዋንጫ ሆኖ ስሙ የሚታፈርበት ቡድን ምን ይሰማዋል? እንደ ሙሽራ አጅበው ወስደው በስሟ እንደማይጠሯት ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ የሊጉን ክርክር አቃልሎ ማለፍ አግባብ አይመስለኝም። ሦስት ነገር ይሉ ነበር ብዬ ላጠቃልለው። አንደኛ፣ ቡድኑ የቶሮንቶ ከተማ ሁሉ ነው፤ የአንድ ወገን ስም ሲሰጠው ጣሊያኑ፣ ግሪኩ፣ እንግሊዙ እንግዳ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የአገር ቤት ስም ሲመጣ የአገር ቤት ጠብም አብሮ ይመጣል። ሦስተኛ፣ ስሙ ገበያ አይስብም። ሦስተኛው የነጋዴ ክርክር ስለሆነ ለነጋዴዎች እተወዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን የኅሊና ክርክሮች ናቸውና መልስ ይገባቸዋል።

ከመጀመሪያው ልነሣ። «ስሙ ሌላውን ያገላል» የሚለው ክርክር ስምንና በርን አንድ ያደርጋል። እኔ ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው እላለሁ። ስም ከየት እንደመጣህ ይናገራል። ማን እንደሚገባ የሚወስነው በር ነው። በዚያ የ1976 ቡድን ውስጥ የነበሩትን እንመልከት። ዩዜቢዮ በ1942 የተወለደው በሞዛምቢክ ነው። በቅኝ ግዛት ምክንያት ለፖርቱጋል ተጫወተ፤ በ1966 የዓለም ዋንጫ 9 ግብ አስቆጥሮ የግብ ንጉሥ ሆነ። የተወለደባት አገር በ1975 ነጻ ስትወጣ እሱ ጉልበቱ ዝሎ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻግሮ ነበር። ይህ አፍሪቃ የወለደችው፣ ፖርቱጋል የተጠቀመችበት ሰው፣ በካናዳ ክለብ፣ በአሜሪካ ስታዲየም፣ ለክሮኤሽያ ስም ግብ አገባ። ደጋፊው «ይህ የእኛ ደም አይደለም» አላለም። ጨፈረ እንጂ። እንግዲህ ስሙ የአንድ ወገን፣ በሩ ግን የሁሉ ነበር ማለት ይቻላል።

በአንጻሩ ስሙ የማንም ያልሆነ፣ በሩ ግን የተዘጋ ስንት ማኅበር አለ! «ዓለም አቀፍ»፣ «ብሔራዊ»፣ «አንድነት» የሚል ሰሌዳ የተለጠፈበት፣ ውስጡ ሲገቡ ግን በአንድ ቋንቋ የሚንሾካሾኩበት፣ ቅጥርና ዕድገት በዘመድ የሚታደልበት መሥሪያ ቤት የማያውቅ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ሥራ ፍለጋ ከገባሁባቸው ቦታዎች አንዱ እንዲህ ነበር። ከስሙ ውስጥ የአገር ስም እንጂ የወገን ስም አልነበረበትም። ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ የቃል ጥያቄ ያቀረበልኝ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «አባትህ የየት አገር ሰው ናቸው?» የሚል ነበር። ስሙ ሰፊ ነበር፤ በሩ ግን የመርፌ ቀዳዳ። ስለዚህ አንድን ማኅበር ለመመዘን ስንነሣ ሰሌዳውን ከማንበብ በፊት ደጁ ላይ ቆመን ማን እንደሚገባና ማን እንደሚመለስ ማየት ይሻላል።

ከዚህም ሌላ አንድ የሚደንቅ ነገር አለ። በቶሮንቶ የእግር ኳስ ታሪክ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ገናና ከነበሩት ክለቦች መካከል «አልስተር ዩናይትድ» እና «ቶሮንቶ ስኮቲሽ» ይገኙበታል። አልስተር የሰሜን አየርላንድ ስም ነው፤ ስኮቲሽ ማለት የስኮትላንድ ሰው ማለት ነው። እነዚህ የስደተኛ ስሞች አይደሉምን? ናቸው። ግን የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ስም ስለሆኑ ለጆሮ ስም እንጂ ወገንተኝነት ሆነው አልተሰሙም። ኃይለኛው ወገን የራሱን ስም «ስም» ይለዋል፤ የደካማውን ስም ደግሞ «ጎሠኝነት» ይለዋል። ይህ በካናዳ ብቻ የታየ አይደለም፤ በእያንዳንዱ አገር አለ። ስለዚህ «ገለልተኛ ስም ይውጣ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ገለልተኛ የሚለው የማንን ጆሮ መለኪያ አድርጎ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሚገርመው፣ የካናዳ መንግሥት ራሱ ከዚያ ዋንጫ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 1971፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በፒየር ትሩዶ አንደበት «የብዙ ባህል አገር ነን» ብሎ ፖሊሲ አውጥቶ ነበር። በ1988 ደግሞ በሕግ አጸደቀው። ፖሊሲው ስደተኛው ባህሉን ይዞ ካናዳዊ ይሁን ይላል። የኳሱ አዳራሽ ግን ባህልህን ከበሩ ላይ አስቀምጠህ ግባ አለ። ባህልን በዘፈንና በምግብ መቀበል ቀላል ነው። ፈተናው ያ ባህል ዋንጫ ይዞ ሲመጣና ስሙን ጥሩ ሲል ነው።

ወደ ሁለተኛው ክርክር፣ ወደ ጠቡ፣ ልሻገር። ይህ ክርክር ይከብዳል። ያ ዋንጫ በተወሰደ በ13ኛው ቀን፣ መስከረም 10 ቀን 1976፣ የክሮኤሽያን ነጻነት እንሻለን የሚሉ ሰዎች ከኒውዮርክ ወደ ቺካጎ የሚበር የአሜሪካ አውሮፕላን ጠለፉ። በኒውዮርክ የባቡር ጣቢያ ፈንጂ አስቀምጠው ነበርና፣ ያንን ሊያከሽፍ የሞከረ ፖሊስ ሞተ። አሁን ራሳችሁን በአንድ ተራ ካናዳዊ ቦታ አስቀምጡ። በነሐሴ መጨረሻ «ክሮኤሽያ» የሚለውን ቃል በስፖርት ገጽ አነበበ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ቃል በፈንጂ ዜና ውስጥ አነበበ። የኳስ ተጫዋቾቹ ከጠላፊዎቹ ጋር አንዳች ግንኙነት የላቸውም። ስሙ ግን አንድ ነው።

«ያ የጥቂቶች ሥራ ነው፤ እኛን አይመለከትም» ማለት ይቻላል፤ ከሕግ አንጻር ትክክል ነው። ከኅሊና አንጻር ግን የሚበቃ አይመስለኝም። የወገን ስም የጋራ ንብረት ነው። የጋራ ንብረት ደግሞ እንደ ወንዝ ነው፤ ላይኛው ቢያደፈርሰው የታችኛው ይጠጣዋል። በስሙ ስኮራ ያልከፈልሁትን ክብር እወስዳለሁ፤ ዩዜቢዮ ባገባው ግብ በትሪቡን የተቀመጠው ሰው ደረቱን ነፍቶ ሄዷል። ያልደከምሁበትን ክብር የምወስድ ከሆነ፣ ያልሠራሁትን በደል በተመለከተም ቢያንስ «ይህ በእኛ ስም አይሁን» ብሎ የመናገር ዕዳ አለብኝ። ክብሩን ብቻ ወስዶ ዕዳውን መካድ፣ ዕቁብ በልቶ እንደመጥፋት ነው።

ታዲያ ጠብን ለማስቀረት ስምን ማጥፋት መፍትሔ ነውን? ታሪኩ የሚለውን እንስማ። ባለቤቶቹ ከ1978 ውድድር በኋላ ቡድኑን ግሎባል ለሚባል የቴሌቪዥን ድርጅት ሸጡ። በ1979 ሰረዟም ክሮኤሽያም ተፍቀው ቡድኑ «ቶሮንቶ ብሊዛርድ» ተባለ፤ የበረዶ ውሽንፍር ማለት ነው። ማንም የማይከፋበት ስም ተገኘ፤ በረዶ ብሔር የለውምና። ብሊዛርድ ደካማ አልነበረም፤ በ1984 ለሊጉ ፍጻሜ ደርሶ በቺካጎ ተሸንፏል። ነገር ግን ያ የ1984 ውድድር የሊጉ የመጨረሻው ሆነ። ገንዘቡ አለቀ፤ አዳራሹ ተዘጋ። ቶሮንቶ ክሮኤሽያ ግን ወደ ትንሹ ሊግ፣ ወደ እሑድ ከሰዓቱ ሜዳ ተመለሰ። በ2000፣ በ2004፣ በ2007፣ በ2011 እና በ2012 የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ትልቁ ከወደቀ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላም ትንሹ ቆሞ ነበር።

ከዚህ «የወገን ስም ያለው ይኖራል፤ የሌለው ይሞታል» የሚል ትምህርት ላወጣ አልፈልግም። ሐሰት ይሆናልና። በራሳችን አገር ኢትዮጵያ ቡና ስሙ የምርት ስም ነው፤ የማንም ጎሣ አይደለም። ሆኖም ደጋፊው ስታዲየሙን ሲያናውጥ ያላየ የለም። ሰው የሚወደው ስም በዘር የተገኘ መሆን የለበትም፤ አብሮ የደከመበት መሆን አለበት እንጂ። የብሊዛርድ ነገር የሚያስተምረው ሌላ ነው። ስም ከላይ ሲፋቅ ጠቡ አይፋቅም፤ ፍቅሩ ግን ይፋቃል።

በተጨማሪም የወገን ስም የጨዋነት ዋስትና አይደለም። የካናዳ ሊግ በ2012 ትልቅ ውርደት ደረሰበት። በጀርመን ቦኹም ከተማ በተካሄደ የግጥሚያ ማጭበርበር ችሎት፣ በ2009 ቶሮንቶ ክሮኤሽያ የተጫወተበት አንድ ግጥሚያ በገንዘብ የተሸጠ እንደነበር መነገሩን የካናዳ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን አጋለጠ። በ2013 የካናዳ የእግር ኳስ ማኅበር ለሊጉ ይሰጥ የነበረውን ዕውቅና አነሣ። የአያቶች ስም የታተመበት ማልያ ለብሶ ጨዋታ መሸጥ እንደሚቻል ታየ። ስም ኅሊናን አይተካም። ስሙን የሚያከብር ሁሉ ያ ስም የሚቆምበትን ነገር ያከብራል ማለት አይደለም። ስለ ወገኑ ክብር አብዝቶ የሚናገረውን ሰው ኪሱንም ማየት የሚገባው ለዚህ ነው።

ወደ ጠቡ ልመለስ። በ1991 በዩጎዝላቪያ ጦርነት ተነሣ፤ በክሮኤሽያ እስከ 1995 ቆየ። ሰርብና ክሮአት ተጋደሉ፤ መንደር ተቃጠለ፤ ሕዝብ ተፈናቀለ። ጦርነቱ ካበቃ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ የሰርቢያ ነጭ ንስሮች ወደ ካናዳው ሊግ ተመለሱ። አሠልጣኛቸው ስመ ጥሩው ድራጎስላቭ ሼኩላራች ነበር። በማግሥቱ ዓመት ለፍጻሜ የቀረቡት እነማን ናቸው? ነጭ ንስሮችና ቶሮንቶ ክሮኤሽያ። ክሮኤሽያ አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2008፣ ዋንጫውን ነጭ ንስሮች ወሰዱት።

ይህ እኔን ብዙ አሳስቦኛል። ሁለቱ ክለቦች «አንበሳ» እና «ነብር» ተብለው ቢጠሩ ኖሮ በትሪቡን የተቀመጠው ሐዘንተኛ ሐዘኑን ይረሳ ነበርን? አይረሳም። ሐዘኑ ስም ያጣ ሐዘን ይሆን ነበር እንጂ። አሁን ግን ሁለቱ ስሞች በአንድ የደረጃ ሠንጠረዥ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ ወይም በታች፣ ተጽፈው ይታያሉ። አንድ ዳኛ ይዳኛቸዋል። አንድ ሕግ ይገዛቸዋል። የተሸነፈው በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይሞክራል እንጂ ጠመንጃ አያነሣም። ፍቅር ነው አልልም፤ እርቅም ነው ብዬ አላጋንንም። ነገር ግን ስማቸውን ሳይሰውሩ፣ ከሁለቱም በላይ ለሆነ ሕግ ሲገዙ አይተናል። ለአብሮ መኖር ከዚህ በላይ መነሻ መፈለግ ቅንጦት ይመስለኛል።

እስቲ አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። እኛም የዚህ ታሪክ ባለቤቶች ነንና። በአዲስ አበባ በ1944 የመጀመሪያው የእግር ኳስ ሻምፒዮና ሲካሄድ ከተሳተፉት አምስት ቡድኖች ውስጥ የአገሬው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነበር። ሌሎቹ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የእንግሊዞቹ ቡድን ወሰደው። አርመኑ በአራራት ተራራ ስም ሲሰለፍ አዲስ አበቤ «ስምህን ለውጥ» አላለውም። ከሁሉም የሚከብደው የጣሊያኖቹ ነበር፤ ፋሺስት ከተማይቱን ለቆ ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነውና። ግን ሜዳ ተሰጣቸው፤ ተጫወቱም። ይህ ትልቅነት ነው፤ ልንኮራበት የሚገባ ትልቅነት።

በሌላ በኩል የእኛው ልጆች ዛሬ በቶሮንቶም በዋሽንግተንም በዳላስም አሉ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በሐምሌ ወር አካባቢ ቡድኖችን እያገናኘ ያጫውታል። ከቡድኖቹ መካከል በአገር ቤት ወንዝ የተሰየሙ አሉ። ወጣቱ ከሚጫወተው ይልቅ ሽማግሌው ከወዳጁ ጋር የሚያወጋው ይበዛል፤ እንጀራው ይጋገራል፤ ቡናው ይፈላል። አንድ የአሜሪካ ባለ ሥልጣን ተነሥቶ «ይህ ስም ሌላውን ያገላልና ‘በረዶ’ በሉት» ቢለን ምን እንላለን? እንቆጣለን። ታዲያ ለራሳችን በባዕድ አገር የምንጠይቀውን መብት ለሌላው በራሳችን አገር እንሰጣለን ወይ? ሚዛኑ ይህ ነው። በሚከብደን በኩል ሆነን ካልመዘንነው ሚዛን አይባልም።

በአገራችንም «ክለቦች የብሔረሰብና የአካባቢ መለያ ይተዉ» የሚል ክርክር በቅርብ ዓመታት ተነሥቷል። ምክንያት ሳይኖረው አልተነሣም። በ2010 ዓ.ም. በወልድያ ሊካሄድ የነበረው የወልድያና የመቀሌ ግጥሚያ በሁከት ምክንያት ሳይካሄድ ሲቀር፣ በሌሎችም ከተሞች ደጋፊው ከኳሱ ይልቅ ድንጋዩን ሲያነሣ አይተናል። ያንን ያየ ሰው «ስሙ ይቅር» ቢል አልፈርድበትም። ግን ልብ በሉ፤ ወልድያም መቀሌም የከተማ ስም ናቸው እንጂ የብሔር ስም አይደሉም። ድንጋዩ የመጣው ከስሙ አይደለም። ከስሙ ጀርባ ከተዘጋው በር፣ ከሜዳው ውጪ ካልተዳኘው በደል ነው የመጣው። ዳኛውን የማያምን ሰው ቡድኑ ምንም ተብሎ ቢጠራ ድንጋይ ያነሣል።

ስም ሲታገድም ምን እንደሚሆን እናውቃለን። የመጫና ቱለማ የመረዳጃ ማኅበር ትምህርት ቤትና መንገድ ለመሥራት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተቋቁሞ በ1967 ታገደ። ስሙ በአዋጅ ቢታገድም ከሰው ልብ አልወጣም፤ ይልቁንም ቁጭት ተጨምሮበት ተመለሰ። ያን ጊዜ በሩን እንዲያሰፋ ቢጠየቅ፣ ከሌላውም ማኅበር ጋር በአንድ ሕግ ቢዳኝ ኖሮ የታሪካችን አካሄድ ሌላ ይሆን ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

እንግዲህ ያልኩትን ላጠቃልል። የትውልድን ስም በጋራ ሜዳ ላይ መያዝ መብት ነው እላለሁ። ግን ሦስት ዕዳ አለበት። የመጀመሪያው በሩን መክፈት ነው፤ ዩዜቢዮ ሲመጣ «አባትህ የየት አገር ሰው ናቸው?» አለማለት። ሁለተኛው በስሙ የተሠራውን ክፉ ነገር «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ ብቻ ሳይሸሹ በግልጽ መቃወም ነው። ሦስተኛው ከስሙ በላይ ለሆነ የጋራ ሕግ መገዛት፣ ሲሸነፉም ተሸነፍን ማለት ነው። እነዚህን ሦስቱን የሚከፍል ማኅበር ስሙ ምንም ይሁን ምን የጋራውን ቤት አያፈርስም። የማይከፍል ግን «አንድነት» ተብሎ ቢጠራም ያፈርሰዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ልጆቹ። በ1956 ያንን ክለብ ያቋቋሙት ሰዎች የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በቶሮንቶ ተወልደው፣ በቶሮንቶ ትምህርት ቤት ተምረው፣ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ናቸው። የአያታቸው ስም ለእነሱ ውርስ ሊሆን ይችላል፤ ዕዳም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የመተው ነጻነት መኖሩ ነው። ልጁ «እኔ ለሌላ ክለብ እጫወታለሁ» ሲል «ከሃዲ» ከተባለ ስሙ ሰንሰለት ሆነ። «መልካም፣ ስትፈልግ ና» ከተባለ ግን ስሙ ቤት ሆኖ ይቆያል። በር የሚባለውም ለሚገባ ብቻ ሳይሆን ለሚወጣም ክፍት ሲሆን ነው። በየሠፈራችን፣ በየማኅበራችን፣ በየክለባችን የተንጠለጠለውን ስም ከማንሣታችንም ከመስቀላችንም በፊት፣ እስቲ ይህን በር በሁለቱም በኩል ገፋ አድርገን እንየው።